ዓመት ጠብቆ ሃያ ቀን፦ የሉዎያንግ ሙዳን እንዴት ይታያል

በቻይና ኸናን ክፍለ ሀገር፣ ሉዎያንግ በምትባል ከተማ መሃል፣ ዋንግቸንግ የሚሉት የሕዝብ መናፈሻ አለ። በሚያዝያ የመጀመሪያ ቀናት ጠዋት በሩ ላይ ቢቆሙ ሌሊቱን በባቡር የተጓዘው እንግዳ፣ ካሜራ ያንጠለጠለው ወጣት፣ እናቱን በተሽከርካሪ ወንበር የሚገፋው ጎልማሳ፣ የጥንት ቀሚስ ለብሳ ጠጉሯ ላይ አበባ የሰካችው ልጃገረድ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎርፉ ያያሉ። የሚጎርፉት አንድ ዓይነት ተክል ለማየት ነው። ተክሉ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከሰው ደረት አያልፍም፤ አበባው ግን ሲፈካ የሾርባ ሳህን ያህላል።

ስለዚህ አበባ ምንም የማያውቅ ሰው ቢገባም አይከፋም። ያማረ ነገር ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይወጣል። እኔ ግን እርስዎ አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ሩብ ሰዓት እንዲቆሙ እፈልጋለሁ። ለዚያ ተክሉ መቼ እንደሚተኛና በምን እንደሚነቃ፣ አበባው ሆድ ውስጥ ምን እንደተለወጠ፣ ያንን ተክል ለዛሬ ያደረሰው የማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ በሌላው ላይ የሚቆም ነገር ስለሆነ በቀስታ እንሂድ።

ከስሙ እንጀምር። ቻይናዎች ተክሉን ሙዳን ይሉታል። በአገራችን የተለመደ ስላልሆነ የአማርኛ ስም አልወጣለትም፤ እኛም ሙዳን እያልን እንቀጥላለን። አውሮፓውያን ፒዮኒ የሚል ስም አላቸው፤ ይህ ስም ግን ሁለት ተክሎችን በአንድ ስለሚጠቀልል ያሳስታል። ሙዳን እንጨትነት ያለው ቁጥቋጦ ነው። ብርድ ሲመጣ ቅጠሉ ይረግፋል እንጂ ግንዱና ቅርንጫፉ ራቁቱን ቆሞ ይከርማል። ሁለተኛው፣ ቻይናዎች ሻውያው የሚሉት፣ ለስላሳ አገዳ ያለው ተክል ነው። ብርድ ሲመጣ ከመሬት በላይ ያለው አካሉ በሙሉ ይሞትና በዓመቱ ከሥሩ እንደ አዲስ ይበቅላል። አበባቸው እህትማማች ስለሚመስል ፊታቸውን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል። ስለዚህ ጎንበስ ብለው እግሩን ይመልከቱ፤ ቅርፊት ያለው እንጨት ካዩ ሙዳን ነው። ሻውያው የሚያብበው ሙዳን ካለቀ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን እህት ተክል አይርሱት፤ ወደ ኋላ ላይ አንድ የማይጠበቅ ሥራ ይዞ ይመለሳል።

ስለ ቦታውም ጥቂት ልበል። ዋንግቸንግ ማለት የንጉሥ ከተማ ማለት ነው፤ ስሙም ለጌጥ የወጣ አይደለም። የዡ ሥርወ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ770 መቀመጫውን ወደ ምሥራቅ አዛውሮ የቆረቆረው ከተማ ፍርስራሽ ከመናፈሻው አፈር ሥር ይገኛል። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ2002 ስድስት ፈረስ የተጠመደበት የንጉሥ ሠረገላ ከነፈረሶቹ አጽም ተገኝቶ ዛሬ ሙዚየም ተሠርቶበታል። መናፈሻው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ያን ጊዜ ሉዎያንግ ትራክተርና ኩሽኔታ የሚመረትባት የፋብሪካ ከተማ እንድትሆን ተመርጣ ነበር። ፕላን አውጪዎቹ ፋብሪካዎቹን ከጥንቱ ፍርስራሽ ለማራቅ ብለው ከጂየን ወንዝ በስተምዕራብ አሰፈሯቸው። በፍርስራሽ ላይ የሚቀመጥ ነገር ከተፈለገ ደግሞ መናፈሻን የሚያህል ቀላል ሸክም የለም። ወንዙ ዛሬም መናፈሻውን ሰንጥቆ ያልፋል።

አሁን ወደ ተክሉ እንመለስ። በሚያዝያ የሚያዩት አበባ በሚያዝያ የተሠራ አይደለም። ይህን ከማስረዳቴ በፊት አንድ የቃል ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እኛ ክረምት ስንል ዝናብ፣ በጋ ስንል ደረቅ ፀሐይ ይታየናል። በሉዎያንግ ግን ዓመቱን በዋናነት የሚከፍሉት ብርድና ሙቀት ናቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ውሃ ይረጋል፣ በሰኔና በሐምሌ ወበቁ ያስጨንቃል። እንዳንምታታ ብዬ የብርድ ወራትና የሙቀት ወራት እያልኩ እቀጥላለሁ።

አበባው በሚያዝያ ከረገፈ በኋላ፣ በሙቀት ወራት፣ ተክሉ ሥራ የፈታ ይመስላል። በእርግጥ ግን በዓመቱ ትልቁን ሥራ የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የሚመጣው ዓመት እምቡጥ ይፀነሳል። ቅጠሎቹ ከፀሐይ የሚሠሩት ምግብ ወደ ሥርና ወደ እምቡጥ ይወርዳል። እምቡጡ ውስጥ መጀመሪያ የውጭው ሽፋን፣ ቀጥሎ መልካበባ የምንላቸው ባለቀለም የአበባ ቅጠሎች፣ ከዚያም የአበባው ወንዴና ሴቴ አካል በጥቃቅኑ እየተሠሩ ይሄዳሉ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ በሚረግፍበት በጥቅምትና በኅዳር አበባው በቡናማ ቅርፊት ተጠቅልሎ፣ ከጣት ጫፍ ባነሰ ቦታ ውስጥ፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

ታዲያ ለምን ወዲያው አይፈካም? ቢፈካ ውርጭ ይገድለዋል። ከዚህ የሚጠብቀው እንቅልፍ ነው፤ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ዶርማንሲ ይሉታል፤ ተክሉ በሕይወት እያለ ዕድገቱን የሚያቆምበት ሁኔታ ማለት ነው። አስገራሚው ነገር ይህን እንቅልፍ የሚፈታው ሙቀት ሳይሆን ብርድ መሆኑ ነው። ነገሩ የተገላበጠ ይመስላል፤ ግን ያስቡት። በኅዳር መሃል ሦስት አራት ሞቃት ቀን ቢመጣና እምቡጡ በሙቀት ብቻ የሚነቃ ቢሆን፣ ወቅቱ የተለወጠ መስሎት ይወጣና በሳምንቱ ውርጭ ይበላው ነበር። ስለዚህ የተፈጠረለት ዘዴ ሌላ ነው። ከዜሮ እስከ አሥር ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ባለው ብርድ ውስጥ ብዙ ሳምንት ካላሳለፈ በቀር የፈለገውን ያህል ቢሞቅ አይነቃም። ብርዱን ጠግቦ ካበቃ በኋላ ግን ሁኔታው ይገለበጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው ሙቀት ብቻ ነው። በጨንቻ ደጋ አፕል የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ነገር ከሥራቸው ያውቁታል፤ የአፕልም እምቡጥ ብርድ ይሻል፣ ለዚህም ነው ለአገራችን ደጋ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች የሚመረጡት።

እዚህ ላይ ቻይናዎች የሚተርኩትን አንድ አፈ ታሪክ ባልነግርዎ ቅር ይለኛል። ከ690 እስከ 705 የነገሠችው፣ በቻይና ታሪክ በራሷ ስም ንጉሠ ነገሥት የተባለችው ብቸኛ ሴት ዉ ዘቲየን፣ በብርድ ወራት መሃል የቤተ መንግሥቱ አበቦች ሁሉ እንዲያብቡ አዘዘች ይባላል። ሁሉም ታዘዙ፤ ሙዳን ብቻ እምቢ አለ። እሷም ተቆጥታ ከቻንግአን ከተማ ወደ ሉዎያንግ አባረረችው። ታሪኩ እንደ ታሪክ አይያዝ፤ እንዲያውም ሉዎያንግ የእሷው መናገሻ ነበረች። ሆኖም ተረቱን የፈጠረው ሰው የአበባውን ጠባይ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ሙዳን ብርዱን ሳይጨርስ በማንም ትእዛዝ አይነቃም። የዛሬ አትክልተኞች ግን ለቻይናውያን አዲስ ዓመት፣ በጥር ወይም በየካቲት፣ የፈካ ሙዳን በሸክላ ለገበያ ያቀርባሉ። እንዴት ቢሉ፣ አስቀድመው በማቀዝቀዣ ክፍል ብርዱን ያጠግቡትና ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር በሞቀ የመስታወት ቤት ያቆዩታል። ንግሥቲቱ በቁጣ ያጣችውን እነሱ በፍሪጅ አገኙት።

የሚሄዱበትን ቀን ለመምረጥ ይህ እውቀት በቀጥታ ያገለግልዎታል። ብርዱ ካለፈ በኋላ አበባውን የሚያስቸኩለው ሙቀት በመሆኑ፣ መጋቢት ሞቃት በሆነበት ዓመት ሙዳን ይፈጥናል፣ ቀዝቃዛ በሆነበት ዓመት ይዘገያል። ስለዚህ ለዘለቄታው የሚሠራ ቁርጥ ያለ ቀን ማንም ሊሰጥዎ አይችልም። የከተማው የሙዳን በዓል እ.ኤ.አ. በ1983 ሲጀመር ኤፕሪል አጋማሽ ላይ ነበር የተከበረው፤ ዛሬ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሜይ መጀመሪያ ይዘልቃል፤ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ መሆኑ ነው። በዓሉ ወር ሙሉ ይቆይ እንጂ አበባው እንዲህ አይቆይም። አንድ አበባ ከፈካበት ቀን ጀምሮ ዕድሜው ሳምንት ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች ከዚያም ያንሳል። መናፈሻው ሃያ ቀንና ከዚያ ትንሽ በላይ አበባ የሚያሳየው ቀዳሚ፣ መካከለኛና ዘግይቶ የሚያብብ ዝርያ አብሮ ስለሚተክል ነው። አንዱ ሲረግፍ ሌላው ይከፈታል። ከተወደዱት ቁጥቋጦዎች በላይ ጃንጥላ ወይም መረብ ተዘርግቶ ቢያዩ ለጎብኚው ጥላ እንዳይመስልዎ፤ የአበባውን ዕድሜ በሁለትና በሦስት ቀን ለማራዘም ነው።

ጊዜው ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ለማሳየት ከአንድ ታላቅ ሰው ዕድል የተሻለ ምሳሌ የለኝም። ኦውያንግ ሺዩ የሶንግ ዘመን ደራሲና ባለሥልጣን ነበር፤ ከ1031 እስከ 1034 በሉዎያንግ በሥራ ላይ ነበር፤ ስለ ከተማዪቱ ሙዳንም አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ሃያ አራት ዝርያ በስም ዘርዝሮ፣ አተካከሉን፣ አጠጣጡን፣ በሽታውን ሳይቀር መዝግቧል። ስለ ሙዳን የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ ከእሱ ይጀምራል። ይኸው ሰው በሉዎያንግ አራት ጊዜ የአበባ ወቅት ደርሶበታል። በመጀመሪያው ዓመት ዘግይቶ ስለገባ ያገኘው የመጨረሻዎቹን አበቦች ብቻ ነው። በሁለተኛው ከወዳጁ ጋር ወደ ተራራ ወጥቶ ሲመለስ አልፎ ጠበቀው። በሦስተኛው ሚስቱ ሞታበት በሐዘን ላይ ነበር። በአራተኛው የሥራ ዘመኑ አልቆ ሲሄድ ቀዳሚዎቹ ብቻ ፈክተው ነበር። ሙዳን ከዳር እስከ ዳር የፈካበትን ቀን አላየም፤ ይህንንም ራሱ ጽፎታል። ስለዚህ ጉዞዎን ሲያቅዱ ለአንድ ቀን ብቻ አያቅዱ። ከሚያዝያ 2 እስከ 15 ባለው ጊዜ ሦስት ቀን ይያዙ። ከተቻለ በመጀመሪያው ቀን በከተማው መሃል ያለውን ዋንግቸንግን ይዩ፣ ከዚያ ከከተማ ወጣ ብለው ያሉትን የሙዳን አትክልት ቦታዎች ያዳርሱ። የከተማ መሃል ቀድሞ ስለሚሞቅ ቀድሞ ያብባል፤ በአንዱ ያለቀው በሌላው ገና ሊሆን ይችላል።

ደረስን እንበል። አሁን አንድ አበባ ይምረጡና ወደ ውስጡ ይመልከቱ። መጀመሪያ የሚፈልጉት ትልቁንና ያሸበረቀውን ሳይሆን ነጠላውን ነው፤ አሥር ያህል ሰፋፊ መልካበባዎች ብቻ ያሉትን። መሃሉ ላይ ቢጫ ክምር ያያሉ፤ ያ የወንዴው አካል ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ጫፉ ላይ ቢጫ ብናኝ የያዘ እጅግ ብዙ ቀጭን ዘንግ። ከዘንጎቹ መካከል የቆሙት ጥቂት ወፍራም አረንጓዴ ነገሮች የሴቴው አካል ናቸው፤ ዘር የሚያዘው በእነሱ ውስጥ ነው። ንቦቹ የሚርመሰመሱት እዚህ ነው። በተፈጥሮ ያለው ሙዳን ይህን ይመስላል።

ከዚያ ሕዝቡ ወደተሰበሰበበት ወደ ድርብርቡ አበባ ይሂዱና ያንኑ ቢጫ ክምር ይፈልጉ። አያገኙትም፣ ወይም ጥቂት ርዝራዡን ብቻ ያገኛሉ። የት ሄደ? ወደ መልካበባነት ተለወጠ። ወንዴው ዘንግም መልካበባም ሲፀነሱ ከአንድ ዓይነት ጥቃቅን ሴሎች ይነሳሉ፤ የትኛውን እንደሚሆኑ የሚወስነው የትኛው የውርስ ትእዛዝ በየትኛው ቦታ እንደሚሠራ ነው። ትእዛዙ ሲዛነፍ ዘንግ መሆን የነበረበት ሰፍቶ፣ ቀለም ይዞ፣ መልካበባ ሆኖ ያርፋል። ማስረጃውን በዓይንዎ ሊያዩት ይችላሉ። ከመሃሉ አካባቢ ካሉት ጠባብና የተጨማደዱ መልካበባዎች አንዱን ሳይነኩ ቀርበው ይዩት፤ ጫፉ ላይ ወይም ጠርዙ ላይ ቢጫ ነጥብ ያገኙ ይሆናል። እሱ ሳይጨርስ የቀረ ወንዴ ዘንግ ነው። ለውጡ በጥቂቱ ከሆነ አበባው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ገፍቶ ከሄደ ደግሞ መሃሉ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ያብጥና በዙሪያው ጠፍጣፋ ቀሚስ ይቀራል፤ ይህን ቅርጽ ቻይናውያን ዘውድ ብለው ይጠሩታል። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ለውጡ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመበት ነው፤ ባለዘውዱ አንዳንዴ የራሱ ክብደት አንገቱን ሰብሮት ፊቱን መሬት መሬት ያስመለክተዋል።

እንግዲህ የዚህን ውበት ዋጋ ያስሉ። ወንዴው አካል መልካበባ ከሆነ ብናኝ የለም፤ ለውጡ ሴቴውን ሲነካ ደግሞ የዘር ማኅፀኑም ይጠፋል። የበለጠ የተደነቀው አበባ ራሱን የመተካት ኃይሉ የበለጠ የደከመው ነው። ዘር ቢይዝ እንኳ ችግሩ አይፈታም። የሙዳን ዘር በመስከረም ተዘርቶ ያን ዓመት ሥር ብቻ ይሰዳል፤ ቡቃያው ብርዱን አሳልፎ ነው የሚወጣው፤ የመጀመሪያ አበባው አራት አምስት ዓመት ያስጠብቃል፤ ያ አበባ ሲመጣም እናቱን አይመስልም። አዲስ ዝርያ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። አሮጌውን ዝርያ ግን በዚህ መንገድ ማቆየት አይቻልም። ታዲያ ከመናፈሻው የዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ አንድ ዓይነት ሆነው የተደረደሩት ሉዎያንግ ኾንግ፣ ማለትም የሉዎያንግ ቀይ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች ከየት መጡ?

እህት ተክሏ ሻውያው የምትመለሰው እዚህ ላይ ነው። በመስከረም አትክልተኛው ሙዳኑ ላይ ጤነኛ እምቡጥ ያለበት የጣት ርዝመት ቀንበጥ ይቆርጣል። የሻውያውን ወፍራምና እንደ ካሮት ለስላሳ ሥር ይቆፍርና እንዳይሰበር ሁለት ሦስት ቀን በጥላ ያጠወልገዋል። ከዚያ የቀንበጡን እግር እንደ ሽብልቅ ይጠርበዋል፣ ሥሩን ከላይ ይሰነጥቀዋል፣ ሽብልቁን በስንጥቁ ውስጥ ይሰካና ያስራል። የችግኝ ባለሙያዎቻችን ለአቮካዶና ለማንጎ የሚሠሩት፣ ግራፍቲንግ የሚሉት ዘዴ ይኸው ነው። ዋናው ጥበብ የሁለቱ ቅርፊት ጠርዝ በትክክል መግጠሙ ላይ ነው፤ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ስስ አረንጓዴ ንጣፍ ናት አዲስ ሴል እየፈጠረች ቁስሉን የምትሰፋው፤ ንጣፍ ከንጣፍ ካልተገናኘ ቀንበጡ ይደርቃል። ከታሰረ በኋላ ሙሉ በሙሉ አፈር ይለብሳል። ሻውያውዋ ባጠራቀመችው ምግብ እንግዳውን ታጠባዋለች፤ ከጊዜ በኋላ ቀንበጡ የራሱን ሥር ያወጣና ከሞግዚቱ ይላቀቃል። ጊዜው መስከረም የሆነበት ምክንያት አሁን ለእርስዎ ግልጽ ነው፤ ላዩ ሊተኛ ነው፣ አፈሩ ግን ገና ሞቃት ስለሆነ ቁስል ይድናል፣ ሥርም ይሠራል።

በዚህ መንገድ የተባዛ ዝርያ ልጅና የልጅ ልጅ የለውም። በመናፈሻው ያሉት ሉዎያንግ ኾንግ ሁሉ በአካላቸው የአንድ ተክል ቁርጥራጮች ናቸው። ከዚያ ከመጀመሪያው ተክል ወዲህ በየትውልዱ ቢላ የያዘ እጅ እያሻገረው መጣ። በመካከል አንድ ትውልድ እጁን ቢያጥፍ ኖሮ ዝርያው ያልቅ ነበር።

ኦውያንግ ሺዩ ስለዚህ ሥራ የጻፈውን ሳነብ ሰዎቹ ፊቴ ይቆማሉ። በእሱ ዘመን ያው ኋንግ የሚባለው፣ የያው ቤተሰብ ቢጫ ማለት ነው፣ የሙዳን ንጉሥ ይባል ነበር። የዚህ አንድ የተከተበ ቀንበጥ ዋጋ አምስት ሺህ ሳንቲም ነበር። ሻጭና ገዢ በመስከረም ውል ይጽፋሉ፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ግን ዓመቱ ዞሮ አበባው በዓይን ከታየ በኋላ ነው። ቀንበጥ ሁሉ በብርድ ወራት አንድ ዓይነት እንጨት ስለሚመስል ገዢው ያለዚህ ውል ምን እንደገዛ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሌላም አለ። የሉዎያንግ ሰዎች አበባቸው ወደ ሌላ እንዲወጣ አይወዱም ነበርና ባለሥልጣን ቀንበጥ ሲጠይቃቸው እምቢ ማለት ስለማይችሉ፣ አንዳንዶቹ ቀንበጡን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክረው ገድለው ይሰጡት ነበር። ጌታውም አመስግኖ ሬሳ ይዞ ይሄዳል።

የሙዳን ንግሥት ደግሞ ዌይ ዚ ነበረች፤ የዌይ ቤተሰብ ወይን ጠጅ ማለት ነው። አንድ እንጨት ለቃሚ ከተራራ አግኝቶ ለሹሙ ለዌይ ሸጣት። መልካበባዋን የቆጠሩ ሰዎች ሰባት መቶ ደረሰ ብለዋል። አትክልት ቦታው በኩሬ ማዶ ስለነበር ሊያይ የሚፈልግ ሁሉ አሥራ ምናምን ሳንቲም ከፍሎ በጀልባ ይሻገራል፤ ቤተሰቡም በቀን ከአሥር ሺህ ሳንቲም በላይ ይሰበስብ ነበር። በዋንግቸንግ በር ላይ ቲኬት ሲቆርጡ ከዚያ ጀልባ የተረፈ ወረፋ ላይ እንደቆሙ ይቁጠሩት። ጠጉሯ ላይ አበባ የሰካችውም ልጃገረድ አዲስ ነገር አላመጣችም፤ በዚያ ዘመን በወቅቱ ሀብታም ድኻ ሳይባል፣ ሸክም ተሸካሚው ሳይቀር አበባ ይሰካ ነበር። ለንጉሡ ወደ መናገሻው ወደ ካይፈንግ የሚላከው አበባ ደግሞ ግንዱ በሰም ታሽጎ፣ በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ በጎመን ቅጠል ተደግፎ፣ በፈረስ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ይደርስ ነበር። የሰሙ ምክንያት ቀላል ነው፤ የተቆረጠው አፍ ካልተዘጋ ውሃው ተንኖ አበባው ይጠወልጋል።

ቀለሙን ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። የመናፈሻው ምልክቶች ጥቁር ሙዳን፣ ሰማያዊ ሙዳን ይላሉ። ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፤ እጅግ የጠቆረ ወይን ጠጅ ቀይ ነው፣ ፀሐይ ከጀርባው ስትመታው ደም ይመስላል። ሰማያዊውም ሰማያዊ አይደለም፤ ፈዛዛ ሐምራዊ ነው። ተንኮል የለበትም፣ ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። የሙዳንን ቀይና ወይን ጠጅ የሚሠሩት አንቶሲያኒን የሚባሉ ቀለም ሰጪ ውህዶች ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ ስሙን ከዚሁ ተክል ወስዶ ፒዮኒዲን ይባላል። ብዙ ሰማያዊ አበቦች ሰማያዊ የሚሆኑበት ደልፊኒዲን የሚባለው ወገን ግን በሙዳን ውስጥ የለም። መሥሪያው ከሌለ አትክልተኛው የቱንም ያህል ቢደክም ወደ ሰማያዊ መጠጋት እንጂ መድረስ አይችልም።

አረንጓዴው ግን እውነተኛ ነው። ዶው ሉ ይባላል፤ የባቄላ አረንጓዴ ማለት ነው። አረንጓዴነቱ ቅጠልን አረንጓዴ ከሚያደርገው ክሎሮፊል የመጣ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እየነጣ ይሄዳል። ስለዚህ ገና ሲከፈት፣ ጠዋት፣ በጥላ ሥር ያየው ሰውና በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ያየው ሰው ስለ ሁለት የተለያየ አበባ ይከራከራሉ። ዘግይተው ከሚያብቡትም አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሲፈኩ እሱ ገና እንደ ድንጋይ ጠጣር እምቡጥ ሆኖ ይቆያል። አር ጪያው የሚባለው ዝርያ ደግሞ በአንድ ቁጥቋጦ፣ አንዳንዴም በአንድ አበባ ላይ፣ ወይን ጠጅና ፈዛዛ ሮዝ ያሳያል፤ ስሙ በጥንት ዘመን በውበታቸው ከታወቁ ሁለት እህትማማቾች የተወሰደ ነው። ሕፃናት ይህን ቁጥቋጦ ከማንም ቀድመው ያገኙታል።

ከመውጣትዎ በፊት መደቦቹን ይመልከቱ። ከመንገዱ ከፍ ብለው የተሠሩት ለማሳመር ብቻ አይደለም። የሙዳን ሥር ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል፣ ስለዚህ ዝናቡ ቶሎ እንዲወርድለት ከፍ ተደርጎ ይተከላል። የዚሁ ሥር ልጥ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ከታወቁት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ ሙዳን ለውበቱ ከመወደዱ በፊት በመድኃኒትነቱ ይታወቅ ነበር። ራት ላይ ደግሞ ለከተማዪቱ ባለሾርባ ግብዣ ከቀረቡ፣ ጎድጓዳ ሳህን መሃል ከእንቁላል የተሠራ ሙዳን ተንሳፍፎ ይመጣልዎታል። ከሥሩ ያለው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ውድ ነገር ይመስላል፤ በስሱ የተከተፈ ነጭ ፍጅል ነው።

ብዙ ሰው በሚያዝያ ያያል፣ ይመለሳል። ሥራው የሚታየው ግን በመስከረም መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ ሙዳን በሚራባበት ማሳ ዳር ሰዎች ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከጎናቸው የጠወለገ የሻውያው ሥር ተከምሮ፣ ቀንበጥ ሲጠርቡ ይገኛሉ። አንዱን ጠርቦ፣ ሰክቶ፣ አስሮ ለመጨረስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ከዚያ በረድፍ ይቀበራል፤ አፈሩ እንደ ጉብታ ይከመርበታል። ከላይ የሚታይ ምንም ነገር ስለማይኖር፣ ከሥሩ የተቀበረው ያው ኋንግ ይሁን ዶው ሉ የሚለየው በረድፉ ጫፍ የተተከለችው የስም እንጨት ብቻ ናት።